የሕክምና ካናቢስ እና የመዝናኛ ካናቢስ ችርቻሮ

የሕክምና ካናቢስ ችርቻሮ እና የመዝናኛ ካናቢስ ችርቻሮ በአሜሪካ ግዛቶችና በጥቂት ሌሎች አገሮች ካናቢስ (ማሪዋና፣ ጋንጃ) በሕጋዊ መንገድ ለተጠቃሚ የሚሸጥባቸው ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው። በመጀመሪያው ሥርዓት ገዢው ሐኪም ያረጋገጠለት ታካሚ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ዕድሜው የሞላ ማንኛውም ሰው መግዛት ይችላል፤ ይህ ዕድሜ በአሜሪካ 21 ዓመት ነው። የሚሸጠው ተክል ብዙ ጊዜ ከአንድ እርሻ የመጣ ሲሆን ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሊሠሩም ይችላሉ። የሚለያያቸው ማን መግዛት እንደሚችል፣ ምን ያህል እንደሚገዛ፣ ምን ያህል ታክስ እንደሚከፍል እና ስለ ገዢው ምን እንደሚመዘገብ የሚወስነው ሕግ ነው።

በአሜሪካ ሁለቱም ፈቃዶች የሚሰጡት በግዛት መንግሥታት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይህም በተለይ የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸው ነዋሪዎች ከባድ ውጤት አለው (ከታች «የፌዴራል ሕግና ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች» የሚለውን ክፍል ይመልከቱ)።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

## ስያሜዎች

ካናቢስ ውስጥ የሚያሰክረው ዋናው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ሲቢዲ የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር አያሰክርም። ካናቢስ የሚሸጥበት ሱቅ በአሜሪካ «ዲስፔንሰሪ» ይባላል። ቃሉ ከመድኃኒት ማደያ የመጣ ቢሆንም ዲስፔንሰሪ ፋርማሲ አይደለም።

«የሕክምና ካናቢስ» ሲባል በተለመደው የሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ማለትም አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ በ1970 ካናቢስን ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የላቸውም በተባሉ ዕፆችና መድኃኒቶች መደብ፣ ማለትም በአንደኛው መደብ ውስጥ አስቀመጠው። በዚህ መደብ ላለ ነገር ሐኪም ማዘዣ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ የግዛቶቹ ሕጎች ሌላ መንገድ ዘረጉ፦ ሐኪሙ ታካሚው ከሕመሞቹ አንዱ እንዳለበትና ካናቢስ ሊጠቅመው እንደሚችል ብቻ ያረጋግጣል። የትኛውን ምርት በምን ያህል መጠን እንደሚወስድ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ታካሚው ራሱ ከሱቁ ሠራተኛ ጋር ተማክሮ ነው። በ2002 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሐኪም እንዲህ ያለ ምክር በመስጠቱ ብቻ ፈቃዱን ሊነጠቅ እንደማይገባ ወስኗል። የውሳኔው ምክንያት የመናገር ነፃነት ነበር።

ከዚህ የሚለዩ በፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቁ፣ በፋርማሲ በማዘዣ የሚሸጡ ጥቂት መድኃኒቶች አሉ። ለምሳሌ በ2018 የጸደቀው ኤፒዲዮሌክስ ከሲቢዲ የተሠራ ሲሆን ለከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ይሰጣል።

## ታሪክ

በአሜሪካ የሕክምናው ሥርዓት ከመዝናኛው ቀድሞ መጣ። ካሊፎርኒያ በ1996 በሕዝበ ውሳኔ የሕክምና ካናቢስን የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ለዚህ ከገፋፉት ሰዎች መካከል የሳን ፍራንሲስኮው ዴኒስ ፔሮን ይገኙበታል። በዚያ ዘመን በከተማዋ ብዙ የኤድስ ሕሙማን ማቅለሽለሽን ለማስታገስና የምግብ ፍላጎታቸውን ለመመለስ ካናቢስ ይጠቀሙ ነበር። ኮሎራዶ በ2000 ተከተለች።

የመዝናኛ ካናቢስን በመጀመሪያ የፈቀዱት ኮሎራዶና ዋሺንግተን ግዛት ሲሆኑ ሁለቱም በኅዳር 2012 በሕዝበ ውሳኔ አጸደቁት። የኮሎራዶ ሱቆች ጥር 1 ቀን 2014፣ የዋሺንግተን ግዛት ሱቆች ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ ተከፈቱ። ካሊፎርኒያ በ2016 ድምፅ ሰጥታ ሽያጩን በ2018 ጀመረች።

ሁሉም ግዛቶች ወደ ሁለተኛው ደረጃ አልተሻገሩም። ፍሎሪዳ የሕክምና ካናቢስን በ2016 በ71 በመቶ ድምፅ ተቀበለች። በ2024 የቀረበው የመዝናኛ ካናቢስ ማሻሻያ ግን 56 በመቶ ያህል ድምፅ ቢያገኝም የግዛቷ ሕገ መንግሥት የሚጠይቀው 60 በመቶ ስላልሞላ ወድቋል።

## ዋና ዋና ልዩነቶች

ሁለቱም ሥርዓቶች ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን የሠሩባት ኮሎራዶ ልዩነቱን ለማየት ትመቻለች።

### የመግዛት መብት

ወደ መዝናኛ ሱቅ የሚገባ ሰው የሚጠየቀው 21 ዓመት እንደሞላው የሚያሳይ መታወቂያ ብቻ ነው። የግዛቲቱ ነዋሪ መሆን አይጠበቅበትም። ለሕክምና ሱቅ ግን የሐኪም ማረጋገጫና በግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የታካሚ ካርድ ያስፈልጋል። በኮሎራዶ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ታካሚ ሊሆን የሚችለው ሁለት ሐኪሞች ካረጋገጡለትና ወላጅ ኃላፊነቱን ከወሰደ ነው። ከ2021 ሕግ ወዲህ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶችም በተለያየ ቦታ የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች እንዲያዩአቸው ይገደዳሉ። ይህ የተደረገው ለመዝናኛ ሱቅ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ተማሪዎች በሕክምና ካርድ እየገዙ ለሌሎች እንዳያሳልፉ በሚል ሥጋት ነው።

### መጠንና ጥንካሬ

በኮሎራዶ የመዝናኛ ገዢ በመጀመሪያ መያዝ የሚችለው አንድ አውንስ ነበር። አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ስለሆነ ከአንድ ወቄት ጋር ይቀራረባል። ታካሚ ሁለት አውንስ ይፈቀድለት ነበር። በ2021 የመዝናኛውም ወደ ሁለት አውንስ ከፍ በማለቱ በዚህ በኩል ያለው ልዩነት ጠፋ።

በሚበሉ ምርቶች ላይ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ለመዝናኛ የሚሸጥ ከረሜላ ወይም ቸኮሌት በአንድ ጊዜ ድርሻ ከ10 ሚሊግራም፣ በአንድ ጥቅል ከ100 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ ሊኖረው አይችልም። ምክንያቱም የተበላ ካናቢስ እንደተጨሰው ወዲያው አይሰማም። ልምድ የሌለው ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሲደጋግም ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንገት ከመጠን በላይ ሊወስደው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ታካሚ ደግሞ ሰውነቱ ስለሚለምደው አነስተኛው መጠን ላያስታግሰው ይችላል። በዚህ ምክንያት ለታካሚዎች ጠንከር ያሉ ጥቅሎች ተፈቅደዋል። ተጨምቆ የወጣ ካናቢስ ላይ ግን የ2021 ሕግ ታካሚዎችንም በቀን በ8 ግራም፣ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያሉትን በ2 ግራም ገድቧቸዋል።

### ታክስ

ገዢው በኪሱ ቶሎ የሚያውቀው ልዩነት ታክስ ነው። በኮሎራዶ መዝናኛ ካናቢስ ላይ ሁለት ልዩ ታክሶች ይጣላሉ። አንዱ ከእርሻ ወደ ሱቅ ሲተላለፍ የሚከፈል 15 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ነው። ሌላው ገዢው የሚከፍለው የሽያጭ ታክስ ሲሆን በ2014 በ10 በመቶ ተጀምሮ በ2017 ወደ 15 በመቶ አድጓል። ታካሚ ግን የሚከፍለው እንደማንኛውም ዕቃ 2.9 በመቶ የግዛት ሽያጭ ታክስ ነው። በሁለቱም ላይ የከተማና የወረዳ ታክስ ሊጨመር ይችላል። በ2012 የጸደቀው የኮሎራዶ ማሻሻያ ከኤክሳይዙ በየዓመቱ የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግንባታ እንዲውል አዟል። መራጩ ሕዝብ የመዝናኛ ካናቢስን እንዲደግፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ታካሚ የሚቀረፈት ታክስ ካርዱን ለማውጣት ከሚያወጣው ገንዘብ ጋር መመዛዘን አለበት። በ12 በመቶ ታክስ በወር የ100 ዶላር ካናቢስ የሚገዛ ሰው በዓመት 144 ዶላር ለታክስ ይከፍላል። የሐኪሙና የካርዱ ወጪ ከዚህ ካነሰ ካርዱ ያዋጣል፤ ከበለጠ አያዋጣም። በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ለሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የመዝናኛ ሱቆች ከተከፈቱ በኋላ በብዙ ግዛቶች የተመዘገቡ ታካሚዎች ቁጥር የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

### የገዢው መረጃ

በሁለቱም ሥርዓቶች ተክሉ ከችግኝነቱ እስከ መሸጫው ድረስ በኮምፒውተር ይከታተላል። ኮሎራዶና ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ሜትርክ የተባለ ሥርዓት ይጠቀማሉ፤ በእያንዳንዱ ተክል ላይ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ ይታሰራል። ዓላማው ምርቱ ወደ ጥቁር ገበያ እንዳይሾልክና ችግር ሲገኝበት ከገበያ እንዲሰበሰብ ነው።

የሚለያየው ስለ ገዢው የሚመዘገበው ነው። የኮሎራዶ ማሻሻያ የመዝናኛ ገዢ ዕድሜውን ከሚያሳየው መታወቂያ በቀር የግል መረጃ እንዳይጠየቅ ይከለክላል፤ ሱቁም ስሙን እንዲመዘግብ አይገደድም። በዚህ የተነሳ ሥርዓቱ አንድ ሰው ከአንድ ሱቅ ወጥቶ ሌላው ጋር መግዛቱን ማወቅ አይችልም፤ ገደቡ የሚቆጣጠረው እያንዳንዱን ግብይት ነው። ታካሚ ግን የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ከ2021 ሕግ በኋላ የኮሎራዶ የሕክምና ሱቆች የታካሚውን የቀን ግዢ በሱቆች መካከል ወዲያውኑ ማመሳከር አለባቸው። ታካሚው ቅናሹን የሚያገኘው በመዝገብ ላይ በመታወቁ ነው ማለት ይቻላል።

### ሱቁና ሠራተኛው

የመዝናኛ ሱቅ ሠራተኛ የጤና ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። በሕክምናው በኩል ግን አንዳንድ ግዛቶች ባለሙያ ይጠይቃሉ። ኮነቲከት የሕክምና ሥርዓቷን ስትዘረጋ በእያንዳንዱ መሸጫ ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት እንዲሠራ አድርጋለች።

## ሁለቱን ያዋሐደች ግዛት፦ ዋሺንግተን

በምዕራብ ዳርቻ የምትገኘው ዋሺንግተን ግዛት (ዋና ከተማዋን ዋሺንግተን ዲሲን አይደለም) የተለየ መንገድ ያዘች። ግዛቷ ለሕክምና ካናቢስ ከ1998 ጀምሮ ሕግ ቢኖራትም መሸጫዎቹ ጠበቅ ያለ ፈቃድ አልነበራቸውም። በ2014 የተከፈቱት የመዝናኛ ሱቆች ግን ፈቃድ ያወጡና ከባድ ታክስ የሚከፍሉ ነበሩ። ሁለቱ አንድ ገበያ ላይ ሲወዳደሩ ቁጥጥር የሌለው ወገን በርካሽ ይሸጥ ነበር። በ2015 የወጣ ሕግ ሁለቱን አዋሐደና ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የሕክምና ብቻ የነበሩት ሱቆች ወይ ፈቃድ አወጡ ወይ ተዘጉ።

አሁን አንድ ዓይነት ሱቅ ብቻ ሲኖር አንዳንዶቹ ተጨማሪ የሕክምና ፈቃድ ይይዛሉ፤ በእነርሱም የሠለጠነ አማካሪ ይገኛል። በመዝገብ የገባ ታካሚ ከሌላው ገዢ ሦስት እጥፍ መግዛት ይችላል፤ የሽያጭ ታክስም አይከፍልም። በቤቱ ማብቀል ይፈቀድለታል፤ ይህ በግዛቲቱ ለመዝናኛ ተጠቃሚ የተከለከለ ነው። ግዛቲቱ ከሁሉም ገዢ የምትሰበስበው 37 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ለተመዘገቡ ታካሚዎች በሕክምና ደረጃ በተመረመሩ ምርቶች ላይ የተነሣው በ2024 ነው። እስከዚያ ድረስ ለስምንት ዓመት ያህል ሕሙማኑ ከመዝናኛ ገዢው ጋር አንድ ዓይነት ኤክሳይዝ ሲከፍሉ ቆይተዋል።

## ዋሺንግተን ዲሲና አካባቢዋ

በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ (ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ) እና በሰሜን ቨርጂኒያ (ለምሳሌ አሌክሳንድሪያ) ብዛት ያለው ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ይኖራል። ሦስቱ ቦታዎች በባቡር ጥቂት ፌርማታ ቢራራቁም የካናቢስ ሕጋቸው ሦስት ዓይነት ነው።

| ቦታ | የሕክምና ሱቅ | የመዝናኛ ሱቅ | 21 ዓመት የሞላው መያዝ የሚችለው |
|---|---|---|---|
| ዲሲ | አለ | የለም | 2 አውንስ |
| ሜሪላንድ | አለ | ከሐምሌ 1 ቀን 2023 | 1.5 አውንስ |
| ቨርጂኒያ | አለ | እስከ 2025 መጨረሻ አልተከፈተም | 1 አውንስ |

ዲሲ በ2014 ሕዝበ ውሳኔ አዋቂዎች ካናቢስ እንዲይዙ፣ በቤታቸው እንዲያበቅሉና ያለ ክፍያ እስከ አንድ አውንስ እንዲሰጡ ፈቀደች። ይሁን እንጂ የዲሲን በጀት የሚቆጣጠረው ምክር ቤት (ኮንግረስ) ከተማዋ የመዝናኛ ሽያጭ ሕግ ለማውጣት ገንዘብ እንዳታወጣ ከለከለ። ከዚህ ክፍተት «የስጦታ ሱቅ» የሚባለው ንግድ ተወለደ፦ ደንበኛው ስዕል ወይም ተለጣፊ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ካናቢሱ «በስጦታ» ይታከልለታል። ከተማዋ በበኩሏ የሕክምናውን በር አሰፋች። ከ2022 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሐኪም ሳያየው ታካሚ መሆኑን ራሱ አረጋግጦ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ በዲሲ «የሕክምና» የሚባለው ሥርዓት በአሠራሩ ወደ መዝናኛ ችርቻሮ ተጠግቷል።

ሜሪላንድ ውስጥ ቀድሞ የነበሩት የሕክምና ሱቆች ክፍያ ከፍለው ለሁለቱም የሚያገለግል ፈቃድ አወጡ። የመዝናኛ ገዢው 9 በመቶ፣ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ 12 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይከፍላል፤ ታካሚ አይከፍልም። በቨርጂኒያ ካናቢስ መያዝ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ሕጋዊ ቢሆንም የመዝናኛ ሱቅ ለመክፈት የወጡትን ሕጎች በወቅቱ አገረ ገዢ የነበሩት ግሌን ያንግኪን በ2024 እና በ2025 ውድቅ አድርገዋቸዋል። ከሜሪላንድ ገዝቶ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ቨርጂኒያ ማምጣት ግን፣ መጠኑ በሁለቱም በኩል የተፈቀደ ቢሆን እንኳ፣ የፌዴራል ወንጀል ነው። እንደ ሮክ ክሪክ ፓርክ ባሉ የፌዴራል መሬቶች ላይም የዲሲ ሕግ ከለላ አይሆንም።

## የፌዴራል ሕግና ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች

በፌዴራል ደረጃ ሁለቱን ሥርዓቶች የሚለይ አንድ ጉልህ ነጥብ አለ። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኮንግረስ በበጀት ሕግ ውስጥ የፍትሕ ሚኒስቴር የግዛቶችን የሕክምና ካናቢስ ሥርዓት ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ ከልክሏል። ይህ ክልከላ የመዝናኛውን ሥርዓት አይጠቅስም።

በሌሎች ጉዳዮች ግን የፌዴራሉ ሕግ ታካሚንና መዝናኛ ገዢን አይለይም። ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ የካናቢስ አጠቃቀም እንኳ ለዜግነት የሚያመለክትን ሰው «መልካም ሥነ ምግባር» የለውም ሊያሰኘው እንደሚችል ገልጿል። ይህ የሚመረመረው ብዙውን ጊዜ ከማመልከቻው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ነው፤ የአሜሪካ ዜጋ ላገባ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። የሚከተሉት ነጥቦች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል፦

* የፍርድ ቤት ጥፋተኝነት ላያስፈልግ ይችላል። በቃለ መጠይቅ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ «ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ማመን ብቻውን ችግር ሊያስከትል ይችላል።
* የታካሚ ካርድ ከለላ አይሰጥም። እንዲያውም ሰውየው ካናቢስ እንደሚጠቀም የሚያሳይ ሰነድ ነው።
* በሱቁ መሥራትም ይቆጠራል። በግዛቱ ፈቃድ ባለው ዲስፔንሰሪ ተቀጥሮ መሸጥ በፌዴራል ሕግ ዕፅ ማዘዋወር ሊባል ይችላል፤ መመሪያው በዚህ ንግድ መቀጠርን በግልጽ ይጠቅሳል።
* ሕጉ አንድ ጠባብ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ለራስ መጠቀሚያ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች መያዝን የሚመለከት አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ጥፋት። ሜሪላንድ የምትፈቅደው 1.5 አውንስ 42 ግራም ያህል፣ ዲሲ የምትፈቅደው 2 አውንስ ደግሞ 56 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በግዛቱ ሕግ ፍጹም ሕጋዊ የሆነ መጠን ከዚህ ልዩ ሁኔታ ውጪ ሊሆን ይችላል።

በግንቦት 2024 የፍትሕ ሚኒስቴር ካናቢስ ከአንደኛው መደብ ወደ ሦስተኛው እንዲዛወር ሐሳብ አቅርቧል። የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚናገረው ግን መደብ ሳይለይ ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው ዕፆችና መድኃኒቶች በጠቅላላው በመሆኑ የመደብ ለውጥ ብቻውን ይህን ሥጋት አያስወግድም። የኢሚግሬሽን ጠበቆች ዜግነት ያላገኘ ሰው ከመጠቀምም ሆነ በንግዱ ከመሥራት እንዲርቅ፣ ቀድሞ ያደረገ ካለም ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት እንዲያማክራቸው በተለምዶ ይመክራሉ።

## በሌሎች አገሮች

በካናዳ የመዝናኛ ካናቢስ በጥቅምት 2018 በመላ አገሪቱ ተፈቅዷል። መዝናኛው በሱቅ ሲሸጥ የሕክምናው ግን ፈቃድ ካለው አቅራቢ በፖስታ ይላካል።

በእስራኤል የተፈቀደው የሕክምናው ብቻ ሲሆን ከ2019 ማሻሻያ ወዲህ በፋርማሲ ይሸጣል። ቲኤችሲን በ1964 በንጹሕ መልኩ ለይተው ያወጡት ራፋኤል ሜቹላምና የሥራ ባልደረባቸው ይሒኤል ጋዖኒ በዚያው አገር የሠሩ ሳይንቲስቶች ናቸው።

በጀርመን የሕክምና ካናቢስ ከ2017 ጀምሮ በፋርማሲ ይገኛል። በሚያዝያ 2024 አዋቂዎች እስከ 25 ግራም እንዲይዙ የተፈቀደ ሲሆን የሚያገኙትም በቤት በማብቀል ወይም በአባልነት ማኅበራት አማካይነት ነው።

ኡራጓይ ነገሩን ገልብጣዋለች። ከ2017 ጀምሮ የመዝናኛ ካናቢስን የምትሸጠው በፋርማሲ ነው፤ ገዢውም በመንግሥት መዝገብ መግባት ሲኖርበት በወር ከ40 ግራም በላይ አያገኝም። በዚህም ፋርማሲና መዝገብ የሕክምናው ሥርዓት ብቻ መለያዎች እንዳልሆኑ ታሳያለች።

## በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሕክምናም ሆነ የመዝናኛ ካናቢስ ችርቻሮ የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል። ስለዚህ በሌላ አገር የተሰጠ የታካሚ ካርድ ወይም የሱቅ ደረሰኝ ካናቢስ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ፈቃድ አይሆንም። ይህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ለሚጓዙ መንገደኞችም ያው ነው።